የዲሹና የኢንተርኔቱ ሒሳብ

በከተማችን የሚኖር አንድ ባለትዳር በወሩ መጨረሻ ተቀምጦ የቤቱን ወጪ ሲመዘግብ ጤፉን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መብራቱንና ውሃውን በየተራቸው ይጽፍና ከታች «ልዩ ልዩ» የምትባል አንዲት መስመር ያሰምራል። በዚህች «ልዩ ልዩ» ውስጥ ተሸሽገው ከሚያልፉት ወጪዎች መካከል ሁለቱን፣ ማለት የቴሌቪዥኑንና የኢንተርኔቱን፣ ዛሬ ከተሸሸጉበት አውጥተን ልንመለከታቸው ፈቅደናል። ለዚህም ያነሣሣን ምክንያት ብዙ ሰዎች ለአንድ ዓይነት ነገር ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲከፍሉ፣ በአንጻሩም በእውነት የሚያስፈልጋቸውን ነገር «ውድ ነው» ብለው ሲተዉት ስለምናይ ነው።

የቀድሞው ሒሳብ ቀላል ነበር። በ1957 ዓ/ም ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን ሲጀምር፣ ሣጥኑን ለመግዛት ዐቅም ያለው ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው በጣሪያው ላይ የሚተከል አንቴና ብቻ ነበር። ኢንተርኔትም በ1989 ዓ/ም ሲገባ በስልክ ሽቦ እየጮኸና እያቃሰተ የሚገናኝ፣ ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ነገር ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ ግን ያው ዜና፣ ያው ድራማ፣ ያው ስብከት በዲሽም በስልክም ስለሚመጣ ማመዛዘኑ ግድ ሆኗል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሚዛን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በዚያ አገር ኬብል ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ገደማ፣ በተራራ የተከበቡ ከተሞች ሞገዱ አልደርስ ቢላቸው በኮረብታ ራስ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተክለው ከዚያ ወደየቤቱ ሽቦ በመዘርጋት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ሽቦ ኢንተርኔትም የሚሄድበት ሆነ። ስለዚህ በዋሺንግተን ወይም በሜሪላንድ የሚኖር ዘመዳችን በአንድ ሽቦ ሁለቱንም ሊገዛ ይችላል። የሚያማርረውም ስለ ሽቦው ሳይሆን በሒሳቡ ግርጌ ስለሚጨመሩት ጥቃቅን ክፍያዎች፣ ይልቁንም ለሞደሙና ለቴሌቪዥኑ ሣጥን በየወሩ ስለሚጠየቀው ኪራይ ነው። ለሞደሙ ብቻ በወር 15 ዶላር ቢከፍል በዓመት 180 ዶላር ይሆንበታል፤ በዚህ ገንዘብ የራሱን ሞደም ገዝቶ ትርፍ ይቀረው ነበር።

በእኛ ዘንድ ወደየቤቱ የተዘረጋ የቴሌቪዥን ሽቦ የተለመደ አይደለም። ቴሌቪዥናችን ከሰማይ፣ ኢንተርኔታችን ከምሰሶ ወይም ከአየር ይመጣል። ሻጩም ሁለት፣ መሣሪያውም ሁለት፣ ሲበላሽ የሚጠራውም ሠራተኛ ሁለት ነው። የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ የሚነግረን ሰው ባለመኖሩ ሒሳቡን ራሳችን መሥራት ይኖርብናል።

አስቀድመን ስለ ዲሹ እንናገር። ዲሽ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከተቀመጠች ሳተላይት የሚወርደውን ደካማ ሞገድ ሰብስቦ ወደ አንድ ነጥብ የሚመልስ ሳህን ነው። በነጥቡ ላይ የተተከለችው «ኤል ኤን ቢ» የምትባለው ራስ ሞገዱን ትቀበልና በሽቦ ወደ ሪሲቨሩ ትሰዳለች፤ ሪሲቨሩም ፈትቶ ሥዕልና ድምፅ ያደርገዋል። እንግዲህ የዲሽ ዋጋ ሲባል ሳህኑን፣ ራሱን፣ ሽቦውን፣ ሪሲቨሩንና የሠራተኛውን እጅ መቍጠር ነው። ሻጩ በሱቁ ደጃፍ ላይ የሚለጥፈው ግን ብዙ ጊዜ የሳህኑንና የሪሲቨሩን ዋጋ ብቻ ነው። ሽቦው በሜትር፣ መትከያው በድርድር፣ ታክሲው በገዢው ኪስ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተከፍሎ ካበቃ በኋላ ነጻ ለሆኑት ጣቢያዎች የወር ክፍያ የለም። ይህ የማይናቅ በረከት ነው። ሆኖም ወጪው በዚሁ ለዘለዓለም አከተመ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ካለችው ከናይልሳት ይታዩ በነበረበት ዘመን የአዲስ አበባ ዲሾች ወደ ፀሐይ መግቢያ አዘንብለው ይታዩ ነበር። በ2012 ዓ/ም ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለችው ሳተላይት ሲጀመር፣ ጣቢያዎቹን የሚፈልግ ሁሉ ሳህኑን ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ያውም ወደ ላይ ቀና አድርጎ ማዞር ነበረበት። የቀድሞውንም አዲሱንም ያልተወ ሰው ሁለተኛ ሳህን ተከለ። የዲሽ ሠራተኞች ከሰፈር ሰፈር ሲሮጡ የሰነበቱት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰውም ሪሲቨሩ አሮጌ መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። በአንድ ሰፈር ሲነገር የሰማነው እንዲህ ይላል፤ ሠራተኛው ከጣሪያ ወርዶ «እማማ፣ ይኼ ሪሲቨርዎ ኤች ዲ አያነብም» ቢላቸው፣ አሮጊቷ «ልጄ፣ እኔ መቼ ላስነብበው ገዛሁት? ቅዳሴ ላይበት ነው እንጂ» አሉት ይባላል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሪሲቨሩን ግን ገዙ።

ስለዚህ የዲሽን ወጪ በተገዛበት ቀን ሳይሆን በሚያገለግልበት ዘመን መቍጠር ይገባል። ለምሳሌ ያህል መሣሪያውና መትከያው በጠቅላላ 6,000 ብር ፈጅቶ አምስት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 1,200 ብር፣ የወሩ 100 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ በነፋስና በዝናብ ምክንያት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚጠራውን ሠራተኛ ዋጋ ጨምሩበት። ቍጥሩን ለአብነት ሰጠን እንጂ ዋጋው በየገበያው ይለያያልና አንባቢው በራሱ ቍጥር ይተካው። ከዚህ የሚረክስ የቴሌቪዥን አገልግሎት ግን እኛ አናውቅም።

ሁለተኛው ዓይነት የወር ክፍያ ያለበት ዲኮደር ነው። እዚህ ላይ ሳህኑ ያው ሳህን ቢሆንም ቁልፉ በሻጩ እጅ ነው፤ ወሩ ባለቀበት ቀን ሥዕሉ ይጠፋል። የሚያሳየው የባሕር ማዶ ኳስና ፊልም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ መሆኑም አይረሳ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዲኮደርም ሆነ ሞደም፣ ራውተርም ሆነ ሪሲቨር፣ ከዚህ ማዕበል የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ስለሆነም ዛሬ በተለጠፈው የወር ዋጋ የሚመጣውን ዓመት ሁሉ አስልቶ መገመት ደግ አይመስለንም።

ስለ ዲኮደር የሚደረገው ክርክር በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው። አባትና ወንዶች ልጆች ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይነሣሉ፤ እናት ዝም ብላ ታዳምጥና በመጨረሻ «እስቲ በወር ስንት ቀን ታዩታላችሁ?» ትላለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። የወሩ ክፍያ 1,000 ብር ነው እንበል፤ መሣሪያው ደግሞ 3,000 ብር ፈጅቶ ሦስት ዓመት ያገለግላል እንበል። የዓመቱ ወጪ 13,000 ብር ይሆናል። ቤተሰቡ በወር አራት ጨዋታ ብቻ የሚያይ ከሆነ በዓመት 48 ነውና አንዱ ጨዋታ 270 ብር ያህል ፈጀ ማለት ነው። በሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ለአንድ ሰው 50 ብር ቢያስከፍሉ፣ አባትና ሁለት ልጆች 48ቱንም ጨዋታ በ7,200 ብር አይተው ይመለሳሉ። ጩኸቱና ወንበር መጠበቁ የማይመቸው ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ሌላው ደግሞ ለጩኸቱ ሲል ይሄዳል። በአንጻሩ ቤተሰቡ በየምሽቱ ከዲኮደሩ ፊት የሚቀመጥ ከሆነ ያው 13,000 ብር ለ365 ምሽት ሲካፈል ለአንዱ ምሽት 36 ብር እንኳ አይሞላም። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ውድ አይደለም። እንግዲህ ዋጋውን የሚወስነው ሻጩ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹም ልማድ ነው።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ እንለፍ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቤት የሚገባው ኢንተርኔት በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በአሮጌው የመዳብ የስልክ ሽቦ ነው፤ ይህም ቤቱ ከማከፋፈያው በራቀ መጠን ይደክማል። ሁለተኛው ፋይበር የሚባለው፣ ብርሃን የሚሄድበት ቀጭን የመስተዋት ክር ነው፤ ርቀት አያደክመውም፣ ነገር ግን በማእዘን ላይ አጥብቀው ቢያጥፉት ይሰበራል። ሦስተኛው ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው፤ ሽቦ አይፈልግም፣ ጉልበቱ ግን በአቅራቢያው ባለው ምሰሶና በዚያ ምሰሶ ሥር በተሰበሰበው ሰው ብዛት ይወሰናል። እስከ 2015 ዓ/ም ድረስ ይህን ሁሉ የሚሸጥልን ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ስለ ጀመረ ቢያንስ በሲም ካርዱ በኩል ማማረጥ ተችሏል። ለተከራይ ሰው ይህ ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው ፋይበር አስገብቶ ሲወጣ ክሩ በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ራውተሩን ግን ከድስቱና ከብርድ ልብሱ ጋር ጭኖ ይሄዳል። በአንድ ቤት አምስት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ፋይበር ማግኘት ከቻለ ሌላ ነገር ባያስብ ይሻለዋል እንላለን።

ስለ ፍጥነት በሚነገረውም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በውሉ ላይ የሚጻፈው «ሜጋ ቢት» ነው፤ በስልኩ ላይ የምናየው የፋይሉ ክብደት ደግሞ «ሜጋ ባይት» ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት የሚባለው መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ደንበኛ «ዐሥር ብዬ ከፍዬ አንድ ሰጡኝ» ብሎ ይጣላል፤ ያለ ምክንያት ነው። ለመሆኑ ለአንድ ቤት ስንት ይበቃዋል? ኔትፍሊክስ ለጥሩ ሥዕል 5 ሜጋ ቢት ይበቃል ይላል፤ አንዱ ሰዓትም እስከ 3 ጊጋ ባይት ሊበላ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ አንዱ ልጅ ትምህርቱን፣ ሌላው ፊልሙን፣ እናት ከጂዳ ወይም ከቤሩት የምትደውለውን እኅቷን በአንድ ጊዜ ቢያዩ 10 ሜጋ ቢት ያለው መስመር፣ የተባለውን ያህል እስከ ሰጠ ድረስ፣ ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ለመክፈል የሚያስገድድ ምክንያት ያለው ቤት ጥቂት ይመስለናል።

ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ከመስመሩ ሳይሆን ከራውተሩ አቀማመጥ ነው። ሰው ራውተሩን አስጠልቶት ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር ወይም በመስኮቱ ማእዘን ይደብቀዋል፤ ከዚያም «መኝታ ቤት አይደርስም» ብሎ ውድ ጥቅል ይገዛል። የብሎኬት ግድግዳ ሞገድ ይውጣል፤ 5 ጊጋ ሄርዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ሲሆን ግድግዳ ቶሎ ይበግረዋል፤ 2.4 ጊጋ ሄርዝ የሚባለው ዘገም ቢልም ራቅ ብሎ ይደርሳል። ራውተሩን አውጥቶ በቤቱ መካከል፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም። መብራት ሲጠፋም ፋይበሩ ሳይቋረጥ ራውተሩ ብቻ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ራውተር እንደ አንዲት ትንሽ አምፖል ያህል ኃይል ብቻ ስለሚፈልግ አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን ዋይፋይ የሌለው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ነው። ዘይት በጄሪካን የሚገዛና በሲኒ የሚገዛ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሒሳባቸው ቢተያይ፣ ለአንዱ ሊትር አብልጦ የከፈለው በሲኒ የገዛው ድኻ ነው። ኢንተርኔቱም እንዲሁ ሆኗል። ባለ ፋይበሩ ያልተገደበ መስመር በወር አንድ ጊዜ ከፍሎ ቤተሰቡ ሁሉ እስኪጠግብ ይጠቀማል። የቀን ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ኮሌጅ የምትማረው የቤት ሠራተኛ ግን የቀን ጥቅል እየገዙ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን እንዲያልቅላቸው እየተጣደፉ፣ ለአንዱ ጊጋ ባይት አብልጠው ይከፍላሉ። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ጥሩ ሥዕል ያለው ትምህርት ወይም ፊልም የሚያይ ሰው በወር 180 ጊጋ ባይት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን በቀን ጥቅል የሚችል ደመወዝተኛ ማነው? ስለዚህ ተማሪዋ ትምህርቷን በደብዛዛ ሥዕል ታየዋለች፣ ወይም ጭራሽ ትተወዋለች። በብሔራዊ ፈተና ጊዜ የምትወዳደረው ግን ሙሉ መስመር ካላቸው ልጆች ጋር ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆነው በግቢ አንድ መስመር በጋራ መያዝ ይመስለናል። በአንድ ግቢ አከራዩና ሦስት ተከራዮች ቢኖሩና መስመሩ 1,200 ብር ቢሆን ለአንዱ ቤት 300 ብር ይደርሰዋል። ብዙዎች ሞክረውት በጠብ ያፈረሱት መሆኑን አንክድም። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሲያወርድ ያድራል፣ ሌላው «እኔ ምን ተጠቀምሁ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ብሎ ድርሻውን ይከለክላል፣ አከራዩም የይለፍ ቃሉን ይቀይራል። ይሁን እንጂ እቁብና ዕድር ያወቀ ሕዝብ ራውተር አቅቶት ሲጣላ ማየት ያስገርመናል። አንድ ሰው ገንዘቡን በቀኑ ይሰብስብ፤ ደረሰኙ ለሁሉ ይታይ፤ ብዙዎቹ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ ስምና የይለፍ ቃል ለመስጠት የሚያስችሉ ስለሆኑ በዚያ ይጠቀሙ፤ ውሉ ለሌላ ማካፈልን የሚከለክል እንደ ሆነም አስቀድሞ ይነበብ። ራውተሩ የማን ንብረት እንደ ሆነ በጽሑፍ ቢቀመጥ ደግሞ ተከራዩ ሲወጣ ክርክር አይነሣም።

አሁን ለሻጮቹና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምንለው አለን። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 1148/2011 ከወጣ ወዲህ በዚህ ዘርፍ የተጠቃሚውን መብት የሚጠብቅ ባለሥልጣን አለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ሻጮች በምግብ ማሸጊያ ላይ እንደሚለጠፈው ያለ አንድ ሰንጠረዥ እንዲያወጡ ታዝዘው ነበር፤ በዚያም ላይ የወሩ ዋጋ፣ የመሣሪያው ክፍያ፣ የፍጥነቱ ልክና የጥቅሉ መጠን በግልጥ እንዲሰፍር ተደርጓል። እንዲህ ያለው ወረቀት በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ተጽፎ በየመሸጫው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ምን ይጎዳል? ዋጋው ታክስ የተጨመረበት ይሁን፤ የሞደሙ ዋጋ፣ የማስገቢያው ዋጋ፣ ወር ሳይደርስ ቢቋረጥ የሚሆነው፣ ቤት ሲቀየር የሚከፈለው ሁሉ ይጻፍበት። «ያልተገደበ» የተባለው መስመርም ከተወሰነ መጠን በኋላ የሚዘገም ከሆነ ያ መጠን ከቃሉ ሥር በዚያው ልክ በሆነ ፊደል ይታተም። ለዲኮደር ሻጮችም የምንለው ይኸው ነው። የሚያስደንቀው ነገር ስኳር በኪሎ ስንት እንደ ሆነ በየሱቁ ተጽፎ እያለ፣ ከስኳር በብዙ እጥፍ ለሚከፈልበት አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋውን ለማወቅ ሦስት ሰው መጠየቅ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው።

በኛ ግምት፣ አሮጊት እናትና አባት ብቻ ለሚኖሩበት ቤት ነጻው ዲሽ ይበቃል፤ ልጆቻቸው ከባሕር ማዶ በቪዲዮ የሚደውሉላቸው ከሆነ ትንሽ የወር ጥቅል ይጨመርበት። ተማሪ ያለበት ቤት ከዲኮደሩ ይልቅ መስመሩን ያስቀድም፤ ነጻው ዲሽ ለዜናውና ለድራማው፣ መስመሩ ለትምህርቱና ለቀረው ሁሉ ይሆናል። ዲኮደር በየምሽቱ ለሚያየው ሰው እንጂ በወር አራት ቅዳሜ ለሚያስታውሰው አይደለም። ካርዱ ካለቀበት ብዙ ወር የሆነው ዲኮደር በጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው፤ ሳህኑ ግን ደኅና ስለሆነ ራሱን ለውጦና አቅጣጫውን አዙሮ ለነጻዎቹ ጣቢያዎች ሊያገለግል ይችላልና በርካሽ ለቆራሌው ከመስጠት በፊት አንድ ጊዜ ሠራተኛ ጠርቶ ማሳየት ይበጃል። የሠራተኛው ዋጋም መሰላሉ ላይ እግሩን ሳያነሣ፣ ሽቦውና ማያያዣው በማን ወጪ እንደ ሆነ ጭምር ተነግሮ ይለቅ።